ፋይሉን ማን ይክፈት? የተጠቃሚ ቡድኖች አስተዳደር በትእዛዝ መስመር

የተጠቃሚ ቡድን ማለት በአንድ ኮምፒውተር ወይም ሰርቨር ላይ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ ሰዎች አካውንት በአንድ ስም ሥር ተሰባስቦ ፈቃድ በጋራ የሚያገኝበት አሠራር ነው። ፋይሉን ማን ያንብብ፣ ማን ያርም፣ ማንስ ጨርሶ አይየው የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ተለይቶ ከሚመለስ ይልቅ ለቡድኑ አንድ ጊዜ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሰውን ወደ ቡድኑ ማስገባትና ከቡድኑ ማስወጣት ነው። ሊኑክስ በተጫነበት ሰርቨር ላይ ይህ ሁሉ የሚከናወነው በትእዛዝ መስመር ነው፤ ጥቁሩ የተርሚናል መስኮት ተከፍቶ ጥቂት ቃላት ይጻፋሉ፣ ኢንተር ይመታል፣ ፈቃዱ ይለወጣል።

ለዚህ አሠራር ጥቅም ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጥሩ ማሳያ ነው። ርእሰ ከተማው አሶሳ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ክልሉ የአሶሳ፣ የካማሺና የመተከል ዞኖችን እንዲሁም ማኦ ኮሞን ያቀፈ ሲሆን፣ ዓባይ መተከልን ከአሶሳና ከካማሺ ለይቶ መሀል ለመሀል ያልፋል። የመንግሥት ሥራ ከክልል ቢሮ ወደ ዞን መምሪያ፣ ከዞን ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ይወርዳል፤ ሪፖርቱ ደግሞ በዚያው መንገድ ተመልሶ ይወጣል። ባለሙያ ይዛወራል፣ ለትምህርት ይሄዳል፣ በዝውውር የመጣ ሌላ ባለሙያ ወንበሩን ይረከባል። ሰዎቹ ይፈራረቃሉ፣ ሥራው ግን እዚያው ይቆያል። ፈቃድ በሰው ስም ከተሰጠ በእያንዳንዱ ዝውውር አንድ ነገር ይበላሻል፤ ለሥራው ከተሰጠ ግን ዝውውሩ የአንድ መስመር ትእዛዝ ጉዳይ ይሆናል።

የቡድን ሐሳብ ከሊኑክስ በፊት የነበረ ነው። ዩኒክስ የተባለው ሲስተም ከ1969 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአሜሪካ ቤል ላቦራቶሪ በኬን ቶምፕሰንና በዴኒስ ሪቺ ሲሠራ፣ የመጀመሪያው እትም የፋይሉን ባለቤትና ከእሱ ውጭ ያለውን ሰው ሁሉ ብቻ ነበር የሚለየው። በመካከል ያለው፣ አብሮ የሚሠራው ባልደረባ፣ ቦታ አልነበረውም። ቡድን የተጨመረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን አንድ ሰው በአንድ ጊዜ በአንድ ቡድን ስም ብቻ ነበር መሥራት የሚችለው፤ ወደ ሌላው ለመሻገር ኒውጂአርፒ የሚባል ትእዛዝ ይሰጥ ነበር። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ የተዘጋጀውና በ1983 የወጣው የዩኒክስ እትም አንድ ሰው በብዙ ቡድን ውስጥ በአንድ ጊዜ እንዲቆጠር አደረገ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 በሄልሲንኪ የጀመረው ሊኑክስም ይህንኑ አሠራር ወረሰ፤ ዛሬ አንድ የሊኑክስ አካውንት እስከ 65,536 ቡድን ድረስ አባል ሊሆን ይችላል።

ሊኑክስ ቡድኖቹን የሚመዘግበው በአንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። ፋይሉ ኢቲሲ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ግሩፕ በሚል ስም ይገኛል፤ እያንዳንዱ መስመር የአንድ ቡድን መዝገብ ነው። በአንድ ቢሮ ውስጥ ያለ የዕቅድ ክፍል ቡድን ቢኖረው መዝገቡ ይህን ይመስላል፦

ዕቅድ:ኤክስ:1004:ባለሙያ1,ባለሙያ2

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ስሞቹና ትእዛዞቹ በሚነበቡበት ድምፅ በግዕዝ ፊደል ቀርበዋል፤ ማሽኑ ላይ ግን የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው። መስመሩ በነጥቦች አራት ቦታ ተከፍሏል። መጀመሪያ የቡድኑ ስም ይመጣል። ኤክስ የምትለው ፊደል የቡድኑ የይለፍ ቃል ቢኖር ጂሻዶው በሚባል፣ ተራ ተጠቃሚ በማያነበው ሌላ ፋይል እንደተቀመጠ ታመለክታለች። ሦስተኛው የቡድኑ መለያ ቁጥር ነው፤ መጨረሻ ላይ ያሉት አባላቱ ናቸው። ሲስተሙ ራሱ የሚገለገልባቸው ቡድኖች በአብዛኛው ከ1000 በታች ቁጥር ሲይዙ፣ ሰው የሚፈጥራቸው ከ1000 ይጀምራሉ።

ከአራቱ ውስጥ ዋናው ቁጥሩ ነው። ፋይል በዲስክ ላይ ሲቀመጥ የሚይዘው የቡድኑን ስም ሳይሆን ቁጥሩን ነው፤ ስሙ ለሰው ዓይን ሲባል ከመዝገቡ እየታየ የሚጻፍ ነው። ይህን ያላስተዋለ የአይሲቲ ባለሙያ ወደፊት በሚነሱት ጉዳዮች ሁሉ ይቸገራል።

እያንዳንዱ አካውንት አንድ ዋና ቡድን አለው፤ ተጨማሪ ቡድኖች ደግሞ እንደ ሥራው ይኖሩታል። አዲስ ፋይል ሲፈጠር በተለመደው ሁኔታ የሚመዘገበው በፈጣሪው ዋና ቡድን ነው። ኡቡንቱና ሬድ ሀትን የመሳሰሉ የሊኑክስ ሥርጭቶች ለእያንዳንዱ አዲስ ሰው በራሱ ስም አንድ ቡድን ስለሚፈጥሩ፣ ዋናው ቡድን ብዙውን ጊዜ ባለቤቱ ብቻውን ያለበት ነው። የሥራ ክፍሎች የሚወከሉት በተጨማሪ ቡድኖች ነው።

ቡድን ለመፍጠር ይህ ብቻ ይበቃል፦

ሱዶ ግሩፕአድ ዕቅድ

ሱዶ የሚለው ቃል ትእዛዙ በአስተዳዳሪ ሥልጣን እንዲፈጸም ያደርጋል። ግሩፕአድ ነፃ ቁጥር ፈልጎ ቡድኑን ይመዘግባል። ሁሉም ነገር በደህና ከሄደ ማሽኑ ምንም አይመልስም፤ ዝምታው የመሳካቱ ምልክት ነው፣ ለለመደው ሰው። ያልለመደው ግን ጌትኤንት ግሩፕ ዕቅድ ብሎ መዝገቡን ቢያይ ይረጋጋል።

ሰውን ወደ ቡድኑ ማስገባት ቀጣዩ ነው፦

ሱዶ ዩዘርሞድ -ኤጂ ዕቅድ ባለሙያ3

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። በሊኑክስ አስተዳደር ውስጥ ብዙ ጉዳት ካደረሱ ትንንሽ ስሕተቶች አንዱ በዚህ መስመር ላይ ይፈጸማል። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ሁለት ፊደላት ናቸው፤ ትንሿ ኤ እና ትልቋ ጂ። ትልቋ ጂ የሰውየው ተጨማሪ ቡድኖች ዝርዝር ይህ ነው ትላለች፤ ትንሿ ኤ ደግሞ ባለው ላይ ጨምር ትላለች። ትንሿ ኤ ከተረሳች ማሽኑ ትእዛዙን ቃል በቃል ይፈጽማል፦ ሰውየው ዕቅድ የሚባለው ቡድን አባል ይሆናል፣ ከነበረባቸው ተጨማሪ ቡድኖች ሁሉ ግን ይወጣል። ማስጠንቀቂያ የለም፣ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህ ሰው ብቸኛው የሰርቨሩ አስተዳዳሪ ከሆነ ደግሞ ሥልጣን ከሚሰጠው ቡድን ራሱን አስወጥቷል ማለት ነው፤ ሩት የተባለው የዋናው አስተዳዳሪ አካውንት የይለፍ ቃል ከሌለው ማሽኑ አጠገብ ተገኝቶ በማዳኛ ሁነታ ማስነሣት ግድ ይሆናል። አሶሳ ተቀምጦ በመተከል ዞን ግልገል በለስ ያለን ሰርቨር ለሚያስተዳድር ባለሙያ ይህ የጉዞ ጉዳይ ነው፤ በመካከሉ ዓባይ አለ።

ስለዚህ ብዙዎች አንድ ሰው ወደ አንድ ቡድን ሲጨምሩ ጂፓስወድ የሚለውን ትእዛዝ ይመርጣሉ። ጂፓስወድ ከትንሿ ኤ ጋር ሲሰጥ አንድን ሰው ወደ አንድ ቡድን ይጨምራል እንጂ ሌላውን አይነካም፤ ከትንሿ ዲ ጋር ደግሞ ያንኑ ሰው ከዚያው ቡድን ያወጣል። ይህ ምርጫ ትክክል ነው፤ ፊደል በመርሳት የሚመጣ ጉዳት የለበትምና። ትልቋን ኤም ይዞ ሲመጣ ግን የቡድኑን አባላት ዝርዝር በሙሉ በአዲስ ይተካል፤ ያኔ ጥንቃቄው ይመለሳል።

ለውጡ መመዝገቡን አይዲ የሚለው ትእዛዝ ያሳያል። አይዲ ባለሙያ3 ሲባል የሰውየው ቁጥር፣ ዋና ቡድኑና ተጨማሪ ቡድኖቹ በአንድ መስመር ይዘረዘራሉ። ይሁን እንጂ ባለሙያው በዚያ ሰዓት ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ እየሠራ ከሆነ አዲሱ ፈቃድ ወዲያው አይደርሰውም። ሊኑክስ የሰውን ቡድኖች የሚቆጥረው ሲገባ ነው፤ ወጥቶ እስኪገባ ድረስ በድሮው ዝርዝር ይቀጥላል። በየቢሮው ጨምረኸኛል ወይ፣ አይከፍትልኝም የሚለው የስልክ ጥሪ አብዛኛው መነሻ ይህ ነው፤ መፍትሔውም ውጣና ግባ የሚል ነው።

ቡድን በራሱ ምንም አይከፍትም፤ ትርጉም የሚያገኘው ፎልደር ሲሰጠው ነው። የዕቅድ ክፍሉ የጋራ ፎልደር እንዲኖረው ሦስት ትእዛዞች ይሰጣሉ፦

ሱዶ ኤምኬዲር /ኤስአርቪ/ዕቅድ
ሱዶ ሲኤችጂአርፒ ዕቅድ /ኤስአርቪ/ዕቅድ
ሱዶ ሲኤችሞድ 2770 /ኤስአርቪ/ዕቅድ

የመጀመሪያው ፎልደሩን ይፈጥራል፣ ሁለተኛው የቡድኑ ያደርገዋል፣ ሦስተኛው ፈቃዱን ይወስናል። ቁጥሩ እንዲህ ይነበባል። ማንበብ 4፣ መጻፍ 2፣ ወደ ፎልደር መግባት 1 ሆነው ይደመራሉ፤ ስለዚህ 7 ሁሉንም ያሟላል። ከመጨረሻዎቹ ሦስት አሃዞች የመጀመሪያው 7 የባለቤቱ፣ ሁለተኛው 7 የቡድኑ፣ 0 ደግሞ የሌላው ሰው ሁሉ ነው፤ ከቡድኑ ውጭ ያለ ሰው ፎልደሩ ውስጥ ምን እንዳለ እንኳን አያይም።

ከፊት ያለችው 2 ብዙ ጊዜ ትረሳለች፣ የጋራ ሥራ የሚሰምረው ግን በእሷ ነው። እሷ ከሌለች አንዲት ባለሙያ የዓመቱን ዕቅድ ፎልደሩ ውስጥ ስታስቀምጥ ፋይሉ በራሷ ዋና ቡድን ይመዘገባል፤ ባልደረባዋ ፎልደሩ ውስጥ ይገባል፣ ፋይሉን ግን ማረም ይሳነዋል። 2 ስትኖር በፎልደሩ ውስጥ የሚፈጠር ፋይል ሁሉ የማንም እጅ ይፍጠረው የፎልደሩን ቡድን ይወርሳል። በውስጡ የሚከፈቱ ንዑስ ፎልደሮችም ይህንኑ ጠባይ ይዘው ይወለዳሉ።

አንድ ነገር ይቀራል። ከአዲስ ፋይል ላይ የሚቀነሰውን ፈቃድ የሚወስነው፣ ዩማስክ የሚባለው መነሻ ልክ 022 ከሆነ አዲስ ፋይል ለቡድኑ የሚነበብ እንጂ የሚጻፍበት አይሆንም። አባላቱ አንዱ የሌላውን ፋይል እንዲያርም ከተፈለገ ልኩ 002 ወይም 007 መሆን አለበት፤ ሁለተኛው ውጭ ላለ ሰው ማንበብንም ይከለክላል። የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የሕሙማን መረጃ ለያዘ ፎልደር 007 የተሻለ ነው።

ፋይል መሰረዝን በተመለከተ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነጥብ አለ። በሊኑክስ ፋይልን ለመሰረዝ የሚያስፈልገው በፋይሉ ላይ ያለ ፈቃድ ሳይሆን ፋይሉ ባለበት ፎልደር ላይ የመጻፍ ፈቃድ ነው። ስለዚህ በ2770 ፎልደር ውስጥ ማንኛውም የቡድኑ አባል የሌላውን ፋይል ማጥፋት ይችላል፣ ፋይሉን ለማንበብ እንኳን ባይፈቀድለት። ይህ ካልተፈለገ 2 በ3 ተተክታ 3770 ይባላል፤ ያኔ ፋይሉን የሚሰርዘው ራሱ ባለቤቱ፣ የፎልደሩ ባለቤት ወይም አስተዳዳሪው ብቻ ነው። አንድ ፎልደር ለሁለት ቡድን በተለያየ መጠን መከፈት ሲኖርበት፣ ለምሳሌ ዕቅድ ክፍል እንዲጽፍ ኦዲት ደግሞ እንዲያነብ ብቻ፣ ሴትኤፍኤሲኤል የሚባለው ትእዛዝ ለኦዲት ቡድን ተጨማሪ የፈቃድ መስመር ያስገባል።

የስም አሰጣጥ አማርኛ ለሚጠቀም ቢሮ የራሱ ችግር አለው። የግዕዝ ፊደል በ1999 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ውስጥ ከተካተተ ወዲህ የፋይልና የፎልደር ስም በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። የቡድን ስም ግን በተለመደው ቅንብር የሚቀበለው የላቲን ትናንሽ ፊደላትን፣ ቁጥርንና ጥቂት ምልክቶችን ነው፤ ርዝመቱም እስከ 32 ፊደል ነው። የአማርኛ ስም ወደ ላቲን ሲገለበጥ ደግሞ አንድ ወጥ ደንብ ብዙ ጊዜ አይኖርም። አሶሳ የሚለው ስም ራሱ በላቲን አንዳንድ ቦታ በአንድ ኤስ፣ አንዳንድ ቦታ በሁለት ኤስ ይጻፋል። አንዱ ባለሙያ በአንድ ኤስ ቡድን ፈጥሮ ቢዛወር፣ ተተኪው ደግሞ በሁለት ኤስ ቢፈልገውና ቢያጣው፣ የለም ብሎ ሌላ ይፈጥራል። ለማሽኑ ሁለቱ ፈጽሞ የማይተዋወቁ ቡድኖች ናቸው፤ የወረዳው ፋይሎች ግማሽ በአንዱ፣ ግማሽ በሌላው ሥር ይከማቻሉ። የዞኖቹና የወረዳዎቹ ስም በላቲን እንዴት እንደሚጻፍ በአንድ ገጽ ተወስኖ ሰርቨሩን በሚያስተዳድሩት ሰዎች ሁሉ እጅ መኖሩ ይህን ያስቀራል። ሸርቆሌ፣ ኩርሙክ፣ ሆሞሻ፣ ባምባሲ፣ መንጌ፣ ዳንጉር፣ ወምበራ የሚሉት ስሞች ሲገለበጡ የሚያሻሙ ድምፆች አሉባቸውና ገጿ ትርፍ ሥራ አይደለችም።

የዝውውር ጉዳይ ራሱን የቻለ ትኩረት ይፈልጋል። በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኛ ሲለቅ ወይም ሲዛወር ክሊራንስ ይዞራል። ንብረት ክፍል፣ ፋይናንስ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ መዝገብ ቤት በየተራ ይፈርማሉ፤ ወንበሩ፣ ላፕቶፑ፣ የመሳቢያው ቁልፍ መመለሱ ይረጋገጣል። በሰርቨሩ ላይ ያለው ፈቃድም ንብረት ነውና በቅጹ ላይ የአይሲቲ ክፍል ፊርማ ሊኖር ይገባል። ይህ ካልሆነ ሰውየው በሄደበት ሌላ መሥሪያ ቤት ሆኖ የቀድሞ ቢሮውን ፋይል መክፈቱን ሊቀጥል ይችላል፤ ክፉ ሐሳብ ባይኖረው እንኳን የይለፍ ቃሉን ያገኘ ሌላ ሰው ይገባበታል።

ፊርማው ከመስፈሩ በፊት የሚሠራው ይህ ነው። ሰውየው በጂፓስወድና በትንሿ ዲ ከየቡድኑ ይወጣል። አሁንም ገብቶ እየሠራ ከሆነ የያዘው ፈቃድ እስኪወጣ ድረስ ስለሚቆይ ክፍት ግንኙነቱ ይቋረጣል። ቀጥሎ አካውንቱ ይዘጋል። የይለፍ ቃሉን ብቻ መቆለፍ አይበቃም፤ ከሩቅ ማሽን ጋር በሚያገናኘው በኤስኤስኤች ቁልፍ የሚገባ ሰው በዚያ አይታገድም። በዩዘርሞድ የአካውንቱ ማብቂያ ቀን ወደ ኋላ ሲደረግ ግን በሁለቱም መንገድ መግባት ይቀራል። አካውንቱ ወዲያው እንዲጠፋ አይመከርም፤ ፋይሎቹ መጀመሪያ ለተተኪው መተላለፍ አለባቸው። ተተኪው ሲመጣ ለየቡድኑ አንድ ጂፓስወድ ይሰጣል፣ ቀዳሚው ይከፍታቸው የነበሩ የጋራ ፎልደሮች ሁሉ ይከፈቱለታል።

ይህን ሁሉ አንድ የአይሲቲ ባለሙያ ብቻውን እንዲሸከመው አይገደድም። ጂፓስወድ ከትልቋ ኤ ጋር ሲሰጥ አንድን ሰው የቡድኑ ኃላፊ ያደርጋል። የዕቅድ ክፍል አስተባባሪው የአስተዳዳሪ ሥልጣን ሳይኖረው የራሱን ቡድን አባላት መጨመርና ማስወጣት ይችላል፤ ሌላውን ቡድን አይነካም። ማን በሥራ ላይ እንዳለ፣ ማን እንደተዛወረ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው የቅርብ ኃላፊው ስለሆነ ሥልጣኑ እሱ ዘንድ መሆኑ ተገቢ ነው። ብዙ ሰርቨሮች ላይ ይህ ዕድል ሳይሠራበት መቅረቱ ያሳዝናል።

ቢሮዎች ስም ይለውጣሉ፣ ይዋሃዳሉ፣ ይከፈላሉ። በፌዴራል ደረጃ አዋጅ ቁጥር 1263/2014 አስፈጻሚ አካላትን እንደገና ሲያዋቅር የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ሥራ ወደ ትምህርት ሚኒስቴር እንደገባው ሁሉ፣ በክልልም ተመሳሳይ ለውጥ ሲመጣ የሰርቨሩ ቡድኖች መከተል አለባቸው። ስም ብቻ ሲለወጥ ግሩፕሞድ ከትንሿ ኤን ጋር ይበቃል፤ ቁጥሩ ያው ስለሆነ አንድም ፋይል አይነካም፣ ሁሉም በአዲሱ ስም ሆኖ ይታያል። ቁጥሩን መለወጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በየቦታው ያሉት ፋይሎች የድሮውን ቁጥር እንደያዙ ይቀራሉ። በቂ ምክንያት ከሌለ አይደረግም።

ቡድን ማጥፋት በግሩፕዴል ይከናወናል። ቡድኑ የአንድ ሰው ዋና ቡድን ከሆነ ትእዛዙ እምቢ ይላል፤ ካልሆነ መስመሩን ከመዝገቡ ያነሣል። ፋይሎቹ ግን ቁጥሩን እንደያዙ ይቀመጣሉ፣ በስም ፋንታ 1004 የሚል ባዶ ቁጥር ይታይባቸዋል። አደጋው ከዚህ በኋላ ነው። ያ ቁጥር ወደፊት ለሌላ አዲስ ቡድን ቢሰጥ፣ አዲሱ ቡድን የጠፋውን ቡድን ፋይሎች ሁሉ ሳያስበው ይወርሳል። የግዥ ኮሚቴ ሰነዶች ለአንድ ጊዜያዊ ሥልጠና በተከፈተ ቡድን እጅ ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ ቡድኑ ከመጥፋቱ በፊት ፋይንድ በሚለው ትእዛዝ በስሙ ያሉት ፋይሎች ተፈልገው ወደ ሌላ ቡድን ይዛወራሉ፤ ፋይንድ ባለቤት ቡድን የሌላቸውን ፋይሎች ለይቶ የማውጣት አማራጭም አለው።

አንዳንድ ቡድኖች ከፎልደር ያለፈ ሥልጣን ይይዛሉ። በኡቡንቱና በዴቢያን ሱዶ፣ በሬድ ሀት ቤተሰብ ዊል የሚባሉት ቡድኖች አባል የማሽኑ ሙሉ አስተዳዳሪ ነው። ዶከር የሚባለው ቡድን ቀለል ያለ ይመስላል፤ አባሉ ግን በተለመደው ቅንብር የማሽኑን ዲስክ በሙሉ መክፈት የሚያስችል መንገድ ስላለው ከአስተዳዳሪ አይተናነስም። ሻዶው የተባለው ቡድን የተመሰጠሩ የይለፍ ቃላትን ያነባል። ዲያልአውት ደግሞ ሞደምንና በኬብል የሚገናኙ መሣሪያዎችን የመጠቀም ፈቃድ ስለሆነ ለመስክ ባለሙያ ያለ ስጋት ሊሰጥ ይችላል። አንድ ፕሮግራም አልሠራ ሲል ሰውየውን ሱዶ ውስጥ አስገብቶ መገላገል በየቦታው የሚታይ ልማድ ነው፤ ጎጂም ነው። ምን ፈቃድ እንደጎደለው አይቶ ያንኑ ብቻ መስጠት አምስት ደቂቃ ቢወስድ ነው።

ሕጉም ይህን ይመለከታል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት የሚገባን ብቻ ሳይሆን ከተሰጠው ፈቃድ አልፎ የሚሄድንም ተጠያቂ ያደርጋል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የያዘ ተቋም መረጃውን እንዲጠብቅ ግዴታ ይጥላል። ፈቃድ በቡድን በግልጽ ካልተለየ ማን ከፈቃዱ እንዳለፈ ለመናገር እንኳን ያስቸግራል።

ሥራው በትእዛዝ መስመር መሠራቱ ለክልሉ ርቀት ይስማማል። በኤስኤስኤች ከሩቅ ማሽን ጋር ሲገናኙ በመስመሩ ላይ የሚመላለሰው ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ምስል የሚልክ የርቀት ዴስክቶፕ በሚንቀራፈፍበት ደካማ ኢንተርኔት ላይ ትእዛዙ ይደርሳል። መብራት ጠፍቶ ወይም መስመር ተቋርጦ ሥራው እንዳይበላሽ ስክሪን ወይም ቲመክስ የተባሉት ፕሮግራሞች ውስጥ ሆኖ መሥራት ልማድ ሊሆን ይገባል፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥ እንኳን ሥራው በሩቁ ማሽን ላይ ይቀጥላል፣ ተመልሶ የገባ ሰው ካቆመበት ያገኘዋል። የቡድኖቹን መዝገብ በእጅ መክፈት ግድ ሲሆን ቪጂአር የተባለው ትእዛዝ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ እንዳይጽፍበት ይቆልፈዋል፣ ጂአርፒሲኬ ደግሞ መዝገቡ ውስጥ የተዛባ መስመር መኖሩን ይፈትሻል።

ሌላው ጥቅም ብዛት ነው። በአሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ የሦስተኛው ትውልድ ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ፣ ወይም በማንኛውም ኮሌጅ የኮምፒውተር ላብ ውስጥ ሴሚስተር በገባ ቁጥር በመቶ የሚቆጠሩ ተማሪዎች ሊመዘገቡ ይችላሉ። በመስኮትና በማውስ አንድ በአንድ ማስገባት ቀናት ይፈጃል። በትእዛዝ መስመር ግን ከሬጅስትራር የመጣው የስም ዝርዝር በጽሑፍ ፋይል ይቀመጥና ጥቂት መስመር ያለው ስክሪፕት እያንዳንዱን ስም እያነበበ ጂፓስወድን ይጠራል። ዝርዝሩ ከስክሪፕቱ ጋር ስለሚቀመጥም ማን መቼ እንደገባ ማስረጃ ይሆናል። ሴሚስተሩ ሲያልቅ ያው ዝርዝር በትንሿ ዲ ይነበባል፣ ቡድኑ ባዶ ይሆናል።

ማሽኖቹ ሲበዙ የቁጥሩ ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። በክልል ቢሮው ሰርቨር 1004 ዕቅድ ሆኖ በዞኑ ሰርቨር 1004 ፋይናንስ ቢሆን፣ ኤንኤፍኤስ በሚባለው መንገድ ፎልደር ሲጋሩ የአንዱ ፋይሎች ለሌላው ክፍት ይሆናሉ፤ የሚነጻጸረው ቁጥሩ ነውና። መፍትሔው ግሩፕአድ ሲሰጥ በትንሿ ጂ ቁጥሩን በግልጽ መወሰንና በሁሉም ማሽን አንድ ማድረግ ነው። ይኸው ኤንኤፍኤስ በተለመደው አሠራሩ የአንድን ሰው 16 ተጨማሪ ቡድኖች ብቻ ያስተላልፋል፤ ከዚያ በላይ ቡድን ያለው ባለሙያ አንዳንዱ ፎልደር ያለ ምክንያት የተዘጋበት ይመስለዋል። ከጥቂት ማሽኖች በላይ ሲኮን ቡድኖቹ ኤልዳፕ በሚባል ማእከላዊ ማውጫ ውስጥ ይመዘገባሉ፣ ማሽኖቹ ሁሉ ከእሱ ይጠይቃሉ። ጌትኤንት የሚለው ትእዛዝ እዚህ ላይ ይጠቅማል፤ በማሽኑ ላይ ያለውንም ከማውጫው የሚመጣውንም ቡድን አንድ አድርጎ ያሳያል።

በየጠረጴዛው ያሉት የቢሮ ኮምፒውተሮች ግን በብዛት ዊንዶውስ የተጫነባቸው ናቸው። በዊንዶውስም የትእዛዝ መስመር አለ። ኔት ሎካልግሩፕ የሚለው ትእዛዝ ብቻውን ሲጻፍ በማሽኑ ላይ ያሉትን ቡድኖች ይዘረዝራል፤ የቡድኑን ስምና አድ የሚል ምልክት ሲያስከትል አዲስ ቡድን ይፈጥራል፣ በመካከል የሰው ስም ሲገባ ሰውየውን አባል ያደርጋል፣ በአድ ፋንታ ዲሊት ሲባል ያስወጣል። የዊንዶውስ የቡድን ስም በግዕዝ ፊደልም ሊጻፍ ይችላል፤ ዊንዶውስ ቡድንን የሚለየው ደግሞ በማይደገም ረጅም መለያ ስለሆነ፣ ጠፍቶ በዚያው ስም እንደገና የተፈጠረ ቡድን የድሮውን ፋይሎች አይወርስም። ማሽኖቹ ከዊንዶውስ 2000 ጋር በመጣው አክቲቭ ዳይሬክተሪ ከተያያዙ ቡድኖቹ በአንድ ቦታ ይተዳደራሉ፤ ሳምባ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ደግሞ የሊኑክስ ሰርቨር ያንኑ የዕቅድ ፎልደር ለዊንዶውስ ኮምፒውተሮች እንዲያካፍል ያደርጋል፣ በሰርቨሩ ላይ የተወሰነው የቡድን ፈቃድም ይጠበቃል።